ትኩሳት ባለባቸው ሕሙማን ላይ የታይፈስ የላቦራቶሪ ምርመራ፤ የዋይል-ፌሊክስ ውጤት ምን ይናገራል?

መግቢያ

በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎች፣ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ሕሙማንን ለሕክምና ከሚያመጧቸው ምክንያቶች መካከል ትኩሳት ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። የወባ ምርመራው ኔጌቲቭ ሆኖ ሲገኝ በጥያቄ ወረቀቱ ላይ ዘወትር የሚጻፈው «ዊዳልና ዋይል-ፌሊክስ» የሚል ነው። ውጤቱም «ኦኤክስ19፣ 1፡80» ወይም በአጭሩ «ሪአክቲቭ» ተብሎ ሲመለስ፣ ሕመምተኛው «ታይፈስና ታይፎይድ ተገኝቶብሃል» ተብሎ መድኃኒት ታዝዞለት ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ በሌላ ትኩሳት ሲመጣም ያው ምርመራ ታዝዞ ያው ውጤት ይደገማል።

ታይፈስ በአገሪቱ ለረጅም ዘመናት የኖረና ካልታከመ ለሞት የሚዳርግ በሽታ ነው። በመሆኑም ጥያቄው በሽታው አለ ወይም የለም የሚል ሳይሆን፣ በአብዛኛው ለመለየት የሚያገለግለው ምርመራ ምን ያህል እምነት ሊጣልበት ይገባል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዋይል-ፌሊክስ ምርመራ ምን እንደሚለካ፣ ለምን እንደሚሳሳት፣ ከእሱ የተሻሉት ምርመራዎች የትኞቹ እንደሆኑና ባለው የላቦራቶሪ አቅም ምን ማድረግ እንደሚቻል ማብራራት ነው።

የታይፈስ በሽታዎችና አስተላላፊዎቻቸው

በአማርኛ «ተስቦ» የሚለው ስያሜ ታይፈስን፣ ታይፎይድንና ግርሻ ትኩሳትን ሁሉ ሲያጠቃልል ኖሯል። በሌላው ዓለምም ቢሆን ታይፈስና ታይፎይድ ተለያይተው የታወቁት ዘግይተው ነው። «ታይፎይድ» የሚለው ቃል ራሱ «ታይፈስን የሚመስል» ማለት ሲሆን፣ ዊሊያም ገርሃርድ የሁለቱን ልዩነት በፊላደልፊያ በአስከሬን ምርመራ አስደግፎ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1837 ነበር። ታይፎይድ በሳልሞኔላ ታይፊ አማካይነት በምግብና በውኃ የሚተላለፍ የአንጀት ሕመም ሲሆን፣ ታይፈስ ግን ሴል ውስጥ ብቻ በሚራቡ ባክቴሪያዎች የሚመጣና በተባይ አማካይነት የሚተላለፍ ነው።

የታይፈስ በሽታዎች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛው በሪኬትሲያ ፕሮዋዜኪ የሚመጣው የወረርሽኝ ታይፈስ ነው። ይህ በሰውነት ቅማል የሚተላለፍ ሲሆን፣ የቅማልን ሚና እ.ኤ.አ. በ1909 በቱኒስ ያረጋገጠው ቻርልስ ኒኮል በዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ብርድ፣ መጨናነቅና የልብስ ንጽሕና መጓደል በሚገናኙበት በእስር ቤት፣ በመጠለያና በተፈናቃዮች ሰፈር ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በቡሩንዲ እስር ቤት የታየው በሽታ ወደ መጠለያ ጣቢያዎች ተዛምቶ እ.ኤ.አ. በ1997 እጅግ ሰፊ ወረርሽኝ ሆኗል። ካልታከመ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ሕሙማን ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው በሪኬትሲያ ታይፊ የሚመጣውና በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው የአይጥ ታይፈስ ነው። በአመዛኙ ቀለል ያለ ሲሆን፣ አይጥ በበዛባቸው ከተሞችና ወደቦች ይገኛል።

ሦስተኛው ስክረብ ታይፈስ ነው። መንሥኤው ኦሪየንሺያ ሱሱጋሙሺ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ቀድሞ ከሪኬትሲያዎች ጋር ተመድቦ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ራሱን የቻለ ምድብ ተሰጥቶታል። የሚያስተላልፈውም በቁጥቋጦና በሣር መካከል የሚገኝ ማይት የተባለ ደቃቅ ተባይ እጭ ነው። የበሽታው ዋነኛ ቀጠና ከጃፓንና ከሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ አንሥቶ በምዕራብ እስከ ፓኪስታን፣ በደቡብ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ የሚዘልቅ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ዱባይን ጎብኝቶ በታመመ ሰው ላይ «ኦሪየንሺያ ቹቶ» የተባለ አዲስ ዝርያ ከተገኘና ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ከታተመ በኋላ፣ እንዲሁም በደቡባዊ ቺሊ ሌላ ዝርያ ከታወቀ ወዲህ፣ በሽታው በዚያ ቀጠና ብቻ የተወሰነ ነው የሚለው እምነት ተለውጧል። ከእስያ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ተመልሶ በትኩሳት የሚመጣ ሠራተኛ ወይም ነጋዴ በሚመረመርበት ጊዜ ይህን ማሰብ ተገቢ ይሆናል።

የሦስቱም አጀማመር ተመሳሳይ ነው፤ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመምና ድካም። በቀናት ውስጥ የሚወጣው ሽፍታ ከሰውነት ግንድ ጀምሮ ወደ እጅና እግር ይዘልቃል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ግን በቀላሉ አይታይም። በስክረብ ታይፈስ የማይቱ እጭ በነከሰበት ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያለው፣ የማያም ቁስል ሊገኝ ይችላል። ቁስሉ በብብት፣ በብሽሽት፣ በጡት ሥርና በብልት አካባቢ ስለሚሸሸግ ሕመምተኛው ልብሱን አውልቆ ካልታየ ያመልጣል።

የዋይል-ፌሊክስ ምርመራ አመጣጥ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ኤድሙንድ ዋይልና አርተር ፌሊክስ ከአንድ የታይፈስ ሕመምተኛ ሽንት ፕሮቲየስ የተባለ ባክቴሪያ አገኙ። ባክቴሪያው የበሽታው መንሥኤ አልነበረም፤ ሆኖም የታይፈስ ሕሙማን ሴረም ይህን ባክቴሪያ እንደሚያጓጉል አስተዋሉ። እ.ኤ.አ. በ1916 ይፋ ያደረጉት ይህ ግኝት በስማቸው ለሚጠራው ምርመራ መሠረት ሆነ።

ይህን አመጣጥ ማስታወስ ውጤቱን በትክክል ለመረዳት ይጠቅማል። በምርመራው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ሪኬትሲያ ሳይሆን ፕሮቲየስ ነው። የሚለካውም ለሪኬትሲያ የተሠራ አንቲቦዲ በመመሳሰል ምክንያት ከፕሮቲየስ ጋር የሚያደርገው ግብረ መልስ ነው። በጥቅም ላይ ያሉት ዝርያዎች ሦስት ናቸው፤ ኦኤክስ19 ለወረርሽኝና ለአይጥ ታይፈስ፣ ኦኤክስ2 በመዥገር ለሚተላለፉት የሽፍታ ትኩሳቶች፣ ኦኤክስኬ ደግሞ ለስክረብ ታይፈስ። የመጨረሻው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በማላያ ከኦኤክስ19 ጋር ግብረ መልስ የማያሳየውን የገጠር ታይፈስ ከከተማው ለመለየት የረዳ ሲሆን፣ «ኬ» የሚለውም ኪንግስበሪ ከሚለው ስም የተወሰደ ነው።

ምርመራው ርካሽ መሆኑ፣ ውድ መሣሪያ አለመፈለጉና በደቂቃዎች ውስጥ መጠናቀቁ ከመቶ ዓመት በላይ እንዲቆይ አድርጎታል። የሪኬትሲያ አንቲጅን በቀጥታ የሚጠቀሙ ምርመራዎች ባሉባቸው አገሮች ግን አገልግሎቱ እየቀረ መጥቷል።

የምርመራው ውሱንነቶች

አንደኛ፣ ጊዜ ነው። አጓጓይ አንቲቦዲዎች በደም ውስጥ የሚታዩት ሕመሙ ከጀመረ ከ5 እስከ 10 ቀናት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን የተወሰደ ናሙና ኔጌቲቭ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ ታይፈስ አለመኖሩን አያሳይም። በሁለተኛው ሳምንትም ቢሆን ታይፈስ ካለባቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ኔጌቲቭ ሆነው ይገኛሉ። የወረርሽኝ ታይፈስ ከዓመታት በኋላ ሲያገረሽ፣ ማለትም በብሪል-ዚንሰር በሽታ፣ ምርመራው ብዙውን ጊዜ ኔጌቲቭ ነው።

ሁለተኛ፣ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ውጤት ነው። ፕሮቲየስ የተለመደ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አምጪ በመሆኑ ይህ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ያለ ምንም ታይፈስ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ሌፕቶስፓይሮሲስ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ግርሻ ትኩሳትና ከባድ የጉበት በሽታም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣሉ። ከዚህ በተጨማሪ ጤነኛ በሆነው ኅብረተሰብ ውስጥ በዝቅተኛ ታይተር አንቲቦዲ የሚገኝባቸው ሰዎች አሉ። በመሆኑም የአካባቢው ጤነኛ ሰዎች መነሻ መጠን ሳይታወቅ 1፡80 ወይም 1፡160 «ፖዘቲቭ ነው» ብሎ መደምደም መሠረት የለውም።

ሦስተኛ፣ አንድ ጊዜ የተወሰደ ናሙና የአሁኑን ሕመም ካለፈው አይለይም። ትርጉም ያለው ማስረጃ የሚገኘው ከ10 እስከ 14 ቀናት ልዩነት ከተወሰዱ ሁለት ናሙናዎች ነው። ታይተሩ በአራት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ፣ ለምሳሌ ከ1፡40 ወደ 1፡160 ከደረሰ፣ ምርመራው ታይፈስን ይደግፋል። ሁለቱ ናሙናዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ባለሙያና በአንድ የአንቲጅን ብልቃጥ ጎን ለጎን መሠራት አለባቸው።

የቁጥር ምሳሌ

የእነዚህ ውሱንነቶች ክብደት በስሌት ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ለማስረዳት ያህል ምርመራው ታይፈስ ካለባቸው ሰዎች 50 በመቶውን ፖዘቲቭ፣ ታይፈስ ከሌለባቸው ደግሞ 90 በመቶውን ኔጌቲቭ ያደርጋል እንበል። በወረርሽኝ ባልሆነ ጊዜ ከ1000 የትኩሳት ሕሙማን 20ዎቹ ታይፈስ ቢኖርባቸው፣ ምርመራው ከ20ዎቹ 10ሩን ያገኛል። ከቀሩት 980 ሰዎች ግን 98ቱን በስሕተት ፖዘቲቭ ይላል። ከ108 ፖዘቲቭ ውጤቶች እውነተኞቹ 10 ብቻ ናቸው፤ ማለትም ከአሥራ አንድ «ታይፈስ» ከተባሉ ሕሙማን አንዱ ብቻ ታይፈስ አለበት።

በወረርሽኝ ጊዜ ከ1000 ሕሙማን 400ው ታይፈስ ቢኖርባቸው፣ እውነተኛ ፖዘቲቭ 200፣ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ 60 ይሆናሉ። ያን ጊዜ ፖዘቲቭ ውጤት የበለጠ ይታመናል። ሆኖም 740 ኔጌቲቭ ከተባሉት ውስጥ 200ው ታማሚዎች ናቸው። ስለሆነም ምርመራው በአዘቦት ቀን ሲፈለግ ፖዘቲቩ አያስተማምንም፤ በወረርሽኝ ጊዜ ሲፈለግ ደግሞ ኔጌቲቩ አያስተማምንም። ውጤቱን የሚተረጉም ባለሙያ ሁልጊዜ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ «ከምርመራው በፊት ይህ ሰው ታይፈስ የመያዝ ዕድሉ ምን ያህል ነበር?» የሚል ነው።

የኦኤክስኬ ፖዘቲቭ ውጤት በኢትዮጵያ

ለኢትዮጵያ የጤና ባለሙያ ልዩ ትርጉም ያለው የኦኤክስኬ ውጤት ነው። በመጽሐፍ ላይ ኦኤክስኬ የስክረብ ታይፈስ ምልክት ተብሎ ቢጻፍም፣ በቦሬሊያ ሪከረንቲስ የሚመጣው ግርሻ ትኩሳትም የኦኤክስኬን ታይተር ከፍ ያደርጋል። ግርሻ ትኩሳት በኢትዮጵያ በቅማል የሚተላለፍና በሚገባ የታወቀ በሽታ ነው። በመሆኑም ኦኤክስኬ ከፍ ብሎ ሲገኝ በቅድሚያ መደረግ ያለበት የደም ፊልም ሠርቶ ጥምዝምዝ ባክቴሪያ መፈለግ ነው።

የዚህ ልዩነት ጠቀሜታ ከስያሜ ያለፈ ነው። ግርሻ ትኩሳት ያለበት ሕመምተኛ የመጀመሪያውን የፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ከወሰደ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ያሪሽ-ሄርክስሃይመር የተባለው ግብረ መልስ ይነሣበታል። ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፤ ከዚያም የደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። «ታይፈስ ነው» ተብሎ ዶክሲሳይክሊን ይዞ ወደ ቤቱ የተላከ ሰው ይህ የሚደርስበት ማንም በማይከታተለው ቦታ ነው። አልጋ ይዞ፣ የደም ግፊቱ እየተለካና በደም ሥር ፈሳሽ ለመስጠት ዝግጅት ተደርጎ ሊታከም የሚገባው ሰው ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጉዳይ አለ። ቀደም ሲል ለወባ ተብሎ በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ፊልም ቦሬሊያንም ያሳይ ነበር። ፈጣን የወባ ምርመራ ብቻ በሚሠራበት ቦታ ግን ይህ ዕድል የለም። ስለዚህ በፈጣን ምርመራ ወባ ያልተገኘበት፣ በተለይም በቅማል የተጠቃ፣ በመጠለያ ወይም በእስር ቤት የሚኖር የትኩሳት ሕመምተኛ ትኩሳቱ በበረታበት ሰዓት ወፍራምና ስስ የደም ፊልም ሊሠራለት ይገባል።

የተሻሉ ምርመራዎች

በዓለም አቀፍ ደረጃ ለሪኬትሲያና ለኦሪየንሺያ በሽታዎች እንደ መለኪያ የተያዘው ኢሚውኖፍሎረሰንስ የተባለው ምርመራ ነው። በዚህ ላይ አንቲጅኑ ራሱ ሪኬትሲያው ሲሆን፣ የተጣበቀበት አንቲቦዲ በልዩ ማይክሮስኮፕ አብርቶ ይታያል። ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕና ልምድ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል፤ በአንድ ናሙና ላይ የሚወሰነው ወሰንም ከቦታ ቦታ ይለያያል። እዚህም ቢሆን አስተማማኙ ማስረጃ በሁለት ናሙናዎች መካከል የሚታይ የአራት እጥፍ ጭማሪ ነው።

ኤላይዛ ብዙ ናሙናዎችን በአንድ ጊዜ ለመሥራት የተመቸ ሲሆን፣ ንባቡም በባለሙያው ዓይን ላይ አይመሠረትም። ለስክረብ ታይፈስ የተዘጋጁት ኤላይዛዎችና ፈጣን ምርመራዎች በአመዛኙ የኦሪየንሺያን 56 ኪሎዳልተን ፕሮቲን ይጠቀማሉ። ይህ ፕሮቲን እንደ ካርፕ፣ ካቶና ጊሊያም ባሉት ዝርያዎች መካከል ስለሚለያይ፣ በአንድ አገር የተሠራ ምርመራ በሌላ አገር በተመሳሳይ ብቃት ላይሠራ ይችላል። አይጂኤም አንቲቦዲ የሚታየው በአብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ ላይ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ፒሲአር ከሰውነት ምላሽ ይልቅ የባክቴሪያውን ዘረ መል ስለሚፈልግ አንቲቦዲ ከመታየቱ በፊት፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠቅማል። ሪኬትሲያና ኦሪየንሺያ የደም ሥር ግድግዳ ሴሎችን ስለሚያጠቁ በደም ውስጥ ያላቸው ብዛት አነስተኛ ነው። ስለዚህ በደም ላይ የተሠራ ፒሲአር ኔጌቲቭ ቢሆን በሽታው የለም ማለት አይደለም። ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ከተገኘ ግን ከቅርፊቱ የሚወሰደው ናሙና ከደም የበለጠ አስተማማኝ ነው። ባክቴሪያውን ማራባት ሕያው ሴልና ከፍተኛ የደኅንነት ጥበቃ ያለው ላቦራቶሪ የሚጠይቅ፣ ሳምንታትም የሚወስድ በመሆኑ ለዕለት ተዕለት ሕክምና አይውልም። አደጋውም እውነተኛ ነው፤ ሪኬትስና ፕሮዋዜክ ሁለቱም የሞቱት ሲመራመሩበት በነበረው በታይፈስ ነው።

የናሙና አወሳሰድ

የሕመሙን የመጀመሪያ ቀን በጥያቄ ወረቀቱ ላይ መጻፍ ለላቦራቶሪው ከምንም በላይ ይጠቅማል። ፒሲአር ለሚልክ ተቋም ደሙ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ኢዲቲኤ ባለው ብልቃጥ ይወሰዳል። ለሴሮሎጂ የሚሆነው ናሙና ግን ያለ ማርጊያ መከላከያ ተወስዶ ሴረሙ ይለያል፤ የመጀመሪያው ሴረምም ሁለተኛው እስኪወሰድ በበረዶ ይቀመጣል። ሁለተኛው ናሙና እንዲወሰድ ሕመምተኛው የሚመለስበት ቀን በካርዱ ላይ መመዝገብ አለበት። ናሙና ለመውሰድ ሲባል ግን ሕክምና አይዘገይም።

ዋይል-ፌሊክስን ለሚጠቀሙ ላቦራቶሪዎች

ሌላ አማራጭ በሌለበት ምርመራው መሠራቱ የማይቀር ከሆነ ቢያንስ በሥርዓት ሊሠራ ይገባል። የአንቲጅኑ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ በረዶ መሥራት የለበትም። ከመጠቀም በፊት ወደ ክፍሉ ሙቀት ይደርሳል፤ በሚገባም ይነቀነቃል። በየዕለቱ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ መቆጣጠሪያ ሴረም አብሮ ይሠራል። ደም የፈረሰበት ወይም ስብ የበዛበት ሴረም አይመረመርም።

በስላይድ ላይ የሚሠራው ምርመራ ለመለየት ያህል እንጂ ለመወሰን አይደለም። በአብዛኞቹ ኪቶች 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮሊትር ሴረም ከአንድ ጠብታ አንቲጅን ጋር ሲቀላቀል በቅደም ተከተል ከ1፡20 እስከ 1፡320 ካለው ታይተር ጋር ይመሳሰላል። በኪቱ መመሪያ ከተወሰነው ጊዜ፣ በተለምዶ ከ1 ደቂቃ፣ በኋላ ማንበብ ፈሳሹ ሲደርቅ የሚፈጠረውን ክምችት እንደ መጓጎል አስመስሎ ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ይሰጣል። አንድ ጠብታ ሴረም ብቻ ተጠቅሞ «ሪአክቲቭ» ብሎ መጻፍ ታይተር አይደለም። በስላይድ ፖዘቲቭ የሆነ ሁሉ በቱቦ ሊረጋገጥ ይገባል። አንቲቦዲው እጅግ ሲበዛ መጓጎል ሊጠፋ ስለሚችል የቱቦው ምርመራ እስከ ከፍተኛው ቅጠና ድረስ መዘርጋት አለበት። ሪፖርቱም የአንቲጅኑን ዓይነት፣ ታይተሩንና የአሠራሩን ዘዴ ይገልጻል።

ከውጤቱ ወደ ሕክምና

ታይፈስ በጽኑ ሲጠረጠር ዶክሲሳይክሊን ያለ ላቦራቶሪ ማረጋገጫ ይጀመራል። በኢትዮጵያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1974 በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናት አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዶክሲሳይክሊን በቅማል ለሚተላለፉት ለታይፈስም ለግርሻ ትኩሳትም እንደሚያገለግል አሳይቷል፤ በወረርሽኝ ጊዜም ለታይፈስ 200 ሚሊግራም አንድ ጊዜ መስጠት የታወቀ አሠራር ሆኗል። ከወረርሽኝ ውጭ ለአዋቂ 100 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይሰጣል። በከባድ የስክረብ ታይፈስ ሕመም ላይ በሕንድ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ዶክሲሳይክሊንና አዚትሮማይሲን አብረው በደም ሥር ሲሰጡ ከእያንዳንዳቸው ብቻቸውን የተሻለ ውጤት እንደሚያስገኙ አረጋግጧል።

ለታይፎይድ የሚታዘዘው ሴፍትራያክሶን፣ እንዲሁም ፔኒሲሊንና አሞክሳሲሊን ታይፈስን አይፈውሱም። በሌላ በኩል የሪኬትሲያ በሽታ ያለበት ሕመምተኛ ዶክሲሳይክሊን ከጀመረ በ48 ሰዓት ገደማ ትኩሳቱ ሊወርድ ይገባል። ካልወረደ መድኃኒት ከመጨመር በፊት ስያሜው እንደገና ይጤን። በ«ታይፈስና ታይፎይድ» ስም በተደጋጋሚ ከታከሙት መካከል ሳንባ ነቀርሳ፣ ብሩሴሎሲስ፣ ካላዛር፣ የልብ ቫልቭ ኢንፌክሽን ወይም ኤችአይቪ ያለበት ሕመምተኛ ሊኖር ይችላል። ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ውጤት የሚያደርሰው ትልቁ ጉዳት ለማያስፈልግ መድኃኒት መዳረጉ ብቻ አይደለም፤ የትክክለኛውን መንሥኤ ፍለጋ ማስቆሙም ጭምር ነው።

ማጠቃለያ

የዋይል-ፌሊክስ ምርመራ በዘመኑ ብዙ ያገለገለ ቢሆንም፣ በአንድ ናሙና ላይ ተመሥርቶ ታይፈስን ማረጋገጥም ሆነ ማስወገድ አይችልም። ውጤቱ ትርጉም የሚኖረው ከሕመሙ ቀን፣ ከምልክቶቹ፣ ከቅማል፣ ከአይጥ ወይም ከጉዞ ታሪክና ከሁለተኛ ናሙና ጋር ሲገናዘብ ነው። ከፍ ያለ ኦኤክስኬ በኢትዮጵያ በቅድሚያ ግርሻ ትኩሳትን ሊያሳስብ፣ የደም ፊልምም ሊያስፈልግ ይገባል። በአንድ አካባቢ የተሰባሰቡ ተመሳሳይ የትኩሳት ሕሙማን ሲታዩ ለሚመለከተው የጤና ክትትል ክፍል በአፋጣኝ ማሳወቅ፣ ናሙና ወደ ከፍተኛ ላቦራቶሪ መላክና ቅማል ማጥፋት ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ይከናወናል። ጥርጣሬው የበረታበትን ሕመምተኛ ውጤት ሳይጠብቁ ማከም፣ ጥርጣሬ የሌለበትን ደግሞ አለመመርመር፣ ምርመራውንም ሕመምተኛውንም ከስሕተት ይጠብቃል።